«ሕገ ወጥ» የምትሏት የእኛ ልጅ ናት፤ ወረቀቷን ማን ቀማት?

ባለፈው ሰሞን መሐል ሜዳ ነበርኩ። የመንዝን ጧት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ውርጩ ከገብሱ አናት ላይ ሳይነሣ ሰው ሁሉ በጋቢና በባና ተጠቅልሎ ፀሐይ ይጠብቃል። እኔም አንዲት ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ ብርጭቆዬን በሁለት እጄ አቅፌ ተቀምጬ ነበር። አንዲት እናት በመሐረብ የተቋጠረ ስልክ ይዘው መጡና «አንተ የጋዜጣ ሰው ነህ አሉኝ፤ እስቲ ይቺን አንብብልኝ ልጄ» አሉኝ። መሐረቡን ፈትተው ሰጡኝ። ሳዑዲ አረቢያ ያለችው ልጃቸው የላከችው ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉ ላይ ያለው የአረብኛ ጽሑፍ ነው።

እኔ አረብኛ አላነብም። ሻይ የሚያፈላው ልጅ ግን በ2006 ዓ.ም. ከጅዳ ከተባረሩት አንዱ ነው። እጁን በሽርጡ ጠረገና ስልኩን ተቀበለ። አየት አደረገና ዝም አለ።

«ምን ይላል?» አሉት።

«እማማ፣ ጠፍታለች ይላል።»

«ማን ናት የጠፋችው?»

«ልጅዎ ናት። አሠሪዋ ‹ጠፍታለች› ብሎ አስመዝግቧታል።»

«እንዴት ያለ ነገር ነው! ትናንት ማታ አይደል እንዴ ያነጋገርኳት? የት ሄዳ ነው የጠፋችው?»

ይህን ጥያቄ የሚመልስ ሰው በዚያ ደጃፍ ላይ አልተገኘም። አዲስ አበባ ውስጥ በየቢሮው የተቀመጡት ግን መልስ አላቸው፤ አጭር መልስ። «ሕገ ወጥ ሆናለች» ይላሉ። እኔ ደግሞ እጠይቃለሁ፦ ሕገ ወጥ ሆነች ወይስ ሕገ ወጥ ተደረገች? በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሰው ሕይወት ነው፤ ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው።

እንዴት ነው አንድ ሰው በአንድ ጧት ሕገ ወጥ የሚሆነው?

ልጅቱ በባሕር አልሄደችም። በደላላ ተደብቃ በረሃ አላቋረጠችም። ፓስፖርት አውጥታ፣ የጤና ምርመራ አድርጋ፣ ሥልጠና ወስዳ፣ አሻራ ሰጥታ፣ ውል ፈርማ፣ ከቦሌ በአውሮፕላን ነው የሄደችው። መንግሥት «በሕጋዊ መንገድ ሂዱ» ያለውን እያንዳንዱን ቃል ፈጽማለች። አንድ ዓመት ከአራት ወር ሠራች። የመጨረሻዎቹን አምስት ወራት ደመወዝ አላየችም። የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ማለትም ኢቃማዋን፣ አሠሪዋ አላሳደሰላትም። ስትጠይቅ በር ተቆለፈባት። አንድ ቀን በሩ ክፍት ሆኖ ስታገኘው ወጣች። እነሆ «ጠፋች»!

ይህ ነው እንግዲህ የካፋላ ሥርዓት የሚባለው። የውጭ ሠራተኛ በአገሩ የመኖር መብቷ የተንጠለጠለው በአንድ ግለሰብ፣ በካፊሏ ላይ ነው። ወረቀቷን የሚያወጣው እሱ፣ የሚያሳድሰው እሱ፣ «ጠፋች» ብሎ የሚያመለክተውም እሱ ነው። ደመወዝ የከለከለ ሰው፣ ፓስፖርት በመሳቢያው የቆለፈ ሰው፣ እሱ ራሱ ከሳሽ ይሆናል። ጥፋተኛው የተበዳዩን ወረቀት ይይዛል ማለት ነው። ዳኛውም ቀማኛው፣ ምስክሩም ቀማኛው!

የሠራተኛ ሕጉስ የት ሄደ? አትበሉኝ። የሳዑዲ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከሽፋኑ ውጭ አድርጎ ነው የተጻፈው። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ሠራተኞች ያለ ካፊል ፈቃድ ሥራ እንዲቀይሩ የሚያስችል ማሻሻያ ሥራ ላይ ሲውል ዓለም አጨበጨበ፤ የቤት ሠራተኞች ግን በዚያ ማሻሻያ ውስጥ አልነበሩም። ሊባኖስም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሠራተኛ ሕጓ በ7ኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኞችን ከነአካቴው ያስወጣቸዋል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲንኮታኮት፣ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በመኪና እያመጡ ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። ብዙዎቹ ያለ ደመወዝ፣ አንዳንዶቹም ያለ ፓስፖርት፣ አስፋልት ላይ አደሩ። በዚያች ሌሊት እነዚያ ሴቶች ምን ዓይነት ሕግ ጣሱ? ማንም አልጠፋም፤ የተጣሉ ናቸው። በማግስቱ ግን ወረቀት የላቸውም ተባሉ።

አምስት በርና አንድ መስኮት

ታዲያ ወረቀቷ የሞተባት ልጅ ምን አማራጭ አላት? ሻይ የሚያፈላው ልጅ በጣቱ እየቆጠረ ነገረኝ፤ እኔም ከሕጉና ከዜናው ጋር አመሳከርኩት። አንባቢ ሆይ፣ ዘመድህ እዚያ ካለች ልብ ብለህ አንብብ።

አንደኛው በር ወደ አሠሪዋ መመለስ ነው። ይህ በር ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ የጅብ ዋሻ በርም ሁልጊዜ ክፍት ነው።

ሁለተኛው በር ወደ ሌላ አሠሪ መዛወር ነው። በሕጋዊ መንገድ ሲሆን ከሁሉም የተሻለው ይኸ ነው። ነገር ግን ወይ የፊተኛው ካፊል መፍቀድ አለበት፣ ወይ ደግሞ ደመወዝ እንዳልከፈለ በማስረጃ ማሳየት አለባት። ማስረጃ! ደመወዙን በእጅ የተቀበለች፣ ያልተቀበለችውን የትም ያላስመዘገበች፣ የውሏ ግልባጭ እንኳ በእጇ የሌለ ልጅ ከየት ታመጣለች? በዚህ ክፍተት የሚገቡት ናቸው ወረቀት ሻጮቹ። «ካፊል እንሆንልሻለን» እያሉ የአንድ ዓመት ላቧን ይወስዱና ስልካቸውን ያጠፋሉ።

ሦስተኛው በር የአገሯ ደጃፍ ነው። ሪያድ ኤምባሲ አለን፣ ጅዳ ቆንስላ አለን። ከአብሃ እስከ ጅዳ በመኪና ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በመንገዱ ፍተሻ አለ። ያለ ድንበር ወረቀት የገባን ሰው ያሳፈረ ወይም ያስጠለለ እስከ 15 ዓመት እስራትና እስከ 1 ሚሊዮን ሪያል ቅጣት እንደሚጠብቀው የሳዑዲ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ደጋግሞ ያስጠነቅቃል። ባለታክሲው የማን ልጅ በውል እንደገባች፣ የማን ልጅ በበረሃ እንደገባች መርምሮ አያሳፍርም፤ ሐበሻ ናት ካለ ጥሏት ይሄዳል። ስለዚህ የአገሯ በር ለብዙዋ ልጅ በካርታ ላይ ብቻ ያለ በር ነው።

አራተኛው በር መደበቅ ነው። በየቤቱ በቀን ሥራ ማጽዳት፣ አሥር ሆኖ አንድ ክፍል ውስጥ ማደር፣ የኮሽታ ድምፅ ሲሰማ ትንፋሽ መያዝ። መጀመሪያ ላይ ከኮንትራቱ የበለጠ ገንዘብ ይገኝበታል፤ ለዚህም ነው ብዙዎች የሚመርጡት። ነገር ግን ብትታመም ሐኪም ቤት አትሄድም፣ ብትደፈር ፖሊስ ጣቢያ አትሄድም፣ ደመወዝ ብትከለከል ለማንም አትናገርም። የሚያውቋት ሁሉ ሊያስፈራሯት ይችላሉ፤ አንዳንዴም የገዛ ወገኗ።

አምስተኛው በር እጅ መስጠት ነው። ልጆቹ «ተርሂል» ይሉታል፤ ከጅዳ አጠገብ ያለውን ሹሜሲን ስሙን የማይፈራ የለም። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ከሳዑዲ ማቆያ ቤቶች በድብቅ የወጡትን ፎቶግራፎች ያየ ሰው ለምን እንደሚፈሩት ያውቃል። ከዚያ አሻራ ትሰጣለች፣ ትባረራለች፤ ያልተከፈላት ደመወዝ እዚያው ይቀራል፤ ተመልሶ ለሥራ የመግባቱም በር ይዘጋል።

መስኮቱስ? መስኮቱ ምሕረት ነው። ሳዑዲ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. የ90 ቀን ምሕረት ስታውጅ፣ በጊዜው የወጣ ሰው ከቅጣትም ከተባራሪነት መዝገብም ነጻ ነበር። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም በ2017 ዓ.ም. መባቻ ለአራት ወራት ተመሳሳይ መስኮት ከፍታ ነበር፤ ያውም ሥራ አግኝቶ ወረቀቱን የሚያስተካክል ሰው እዚያው እንዲቀር ጭምር። መስኮት ሲከፈት የሚጠቀም ብልህ ነው። መስኮት ግን በባለቤቱ ፈቃድ ይከፈታል፣ በባለቤቱ ፈቃድ ይዘጋል። አገር ያለው ሕዝብ በመስኮት ይወጣል እንዴ?

እዚህ ላይ እዚያ ላላችሁ እኅቶቻችን አንድ ቃል። የፓስፖርታችሁን፣ የውላችሁንና የኢቃማችሁን ፎቶግራፍ አንሥታችሁ ለእናታችሁም ለወንድማችሁም ላኩ። ደመወዝ የተቀበላችሁበትንና የቀረባችሁን ወር በቀን በቀኑ ጻፉ። ያላነበባችሁት የአረብኛ ወረቀት ላይ አትፈርሙ፤ «ደመወዜን ተቀብያለሁ» የሚል ሊሆን ይችላልና።

«ራሳቸው ናቸው ያመጡት» ለምትሉት

ይህን ስጽፍ የሚመጣብኝን መልስ አውቀዋለሁ። «እነሱ ናቸው እኮ ከቤት የሚጠፉት፤ ብር በልጦባቸው ነው፤ ደግሞስ ስንቱ በባሕር አይደል እንዴ የሚሄደው?»

እሺ፣ በባሕር የሚሄደውን እንይ። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መንግሥት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለሥራ መሄድን አገደ። እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ቆየ። ሕጋዊው በር ተዘግቶ በነበረበት ዘመን ሁሉ ድህነቱ አልታገደም፣ ደላላውም አልታገደም። የታገደው አውሮፕላኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው በኦቦክና በቦሳሶ በኩል ወደ ባሕሩ ጎረፈ። በባሕሩ ያለፈው የየመንን ጦርነት አገኘ። የየመንን ያለፈው ድንበሩ ላይ ጥይት አገኘ፤ ከመጋቢት 2014 እስከ ሰኔ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን መግደላቸውን ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. አውጥቷል። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ በየመን አብያን ጠረፍ አንዲት ጀልባ ተገልብጣ ከ90 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ይህን ሁሉ እያወቀ የሚሄድ ሰው «ብር በልጦበት» ነው የሚል ካለ፣ እሱ ሰው ምን እንደሚሸሽ አልጠየቀም።

ምን ይሸሻል? መንዝን ተመልከቱ። መሬቱ ተቆራርሶ ተቆራርሶ ለአንድ ጥማድ የማይበቃ ሆኗል። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ጦርነት ተከፈተ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆኑ። የሞባይል ኢንተርኔቱም ለወራት ተዘጋ። ያ መዘጋት ከተማ ላለ ሰው የፌስቡክ ጉዳይ ሊመስለው ይችላል። ለመንዝ እናት ግን ኢሞ ነው የተዘጋባት፤ ልጇ በሕይወት መኖሯን የምታውቅበት ቀዳዳ። ወረቀት የሌላት ልጅ እዚያ፣ መስመር የሌላት እናት እዚህ። እንግዲህ «ወደ አገርሽ ተመለሽ» የምትሏት ልጅ የምትመለሰው ወደዚህ ነው።

ሲልኩ ያውቋታል፣ ስትወድቅ አያውቋትም

በ2015 ዓ.ም. መንግሥት እስከ 500 ሺህ የሚደርሱ ሴቶችን ወደ ሳዑዲ ለመላክ ምልመላ መጀመሩ ተዘገበ። ግማሽ ሚሊዮን! ኮታ ተከፋፈለ፣ ሥልጠና ተከፈተ፣ ጥሪው በየክልሉ ወረደ። ለመላክ ሲሆን መዋቅሩ እስከ ቀበሌ ድረስ ይሠራል። ልጅቱ ስትወድቅስ? መሐል ሜዳ ላይ እኒያ እናት ልጃቸው የት እንዳለች ለማወቅ አንድ ቢሮ ገቡ፤ «እዚህ አይደለም፣ ዞን ሂጂ» ተባሉ። ዞን ሄዱ፤ «የላካትን ኤጀንሲ ጠይቂ» ተባሉ። ኤጀንሲው ስልክ አያነሣም። ስትላክ የአገር ልጅ፣ ስትወድቅ የማንም!

አዋጅ አጥተን አይደለም። አዋጅ ቁጥር 923/2008 አለ፣ ማሻሻያው 1246/2013 አለ። ኤጀንሲ ለሠራተኛው መብት ማስከበሪያ የዋስትና ገንዘብ ያስይዛል ተብሎ ተጽፏል። በተቀባይ አገሮች የሠራተኛ አታሼ ሊመደብ እንደሚችልም ተጽፏል። ወረቀቱ ያምራል። እኔ የምጠይቀው፣ ከዚያ የዋስትና ገንዘብ ላይ ደመወዟ የቀረባት የመንዝ ልጅ በእጇ የቆጠረችው ስንት ነው?

ከሌላው አገር እንማር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1995 ሲንጋፖር ውስጥ ፍሎር ኮንቴምፕላሲዮን የምትባል ፊሊፒናዊት የቤት ሠራተኛ በነፍስ ግድያ ተፈርዶባት ተሰቀለች። የፊሊፒንስ ሕዝብ «መንግሥታችን አልደረሰላትም» ብሎ አደባባይ ወጣ። ሦስት ወር ሳይሞላ የአገሪቱ ምክር ቤት የወጣውን የፍልሰተኛ ሠራተኞች ሕግ ፕሬዚዳንቱ ፈረሙበት። ሠራተኞቿ በበዙበት አገር ሁሉ ሌት ተቀን ክፍት የሆነ የመጠለያና የእርዳታ ማእከል እንዲኖር ሕጉ አዘዘ። ወረቀት ያላትም የሌላትም ትገባበታለች። ፊሊፒናውያን ዛሬም ይበደላሉ፤ ነገር ግን አሠሪው ከኋላዋ ማን እንዳለ ያውቃል።

የእኛስ? በኅዳር 2006 ዓ.ም. ሪያድ መንፉሃ ሰፈር ወገኖቻችን ሲደበደቡና ሲገደሉ ሕዝባችን አለቀሰ። ኅዳር 6 ቀን አዲስ አበባ ሳዑዲ ኤምባሲ አጠገብ ተሰብስቦ ሊጮህ ወጣ። ፖሊስ በተነው፤ ብዙዎችንም አሰረ። በዚያ ሰሞን በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተባርሮ በቦሌ ገባ። ፊሊፒናውያን ከሐዘናቸው ሕግ አገኙ። እኛ ከሐዘናችን ፖሊስ ጣቢያ አገኘን። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ከዚህ የበለጠ ትንታኔ አያስፈልገውም።

የእኛም እጅ አለበት

መንግሥትን ብቻ ወቅሼ ብነሣ ግን ራሴን እዋሻለሁ። ደላላው ከሰማይ አልወረደም፤ የአክስት ልጅ ነው፣ የክርስትና አባት ነው፣ በሰርጋችን ላይ ፊት የሚቀመጥ ሰው ነው። ልጅቱ ላቧን ስትልክ ቤቱ ቆርቆሮ ይለብሳል፣ ወንድም ይዳራል፣ ዕቁብ ይገባል። ባዶ እጇን ስትመለስ ግን «እነ እገሌ እኮ ቤት ሠሩ» እንላታለን። ከተርሂል የወጣች ልጅ ደብረ ብርሃን ደርሳ ወደ መንዝ ለመውጣት አፍራ እንደምትቀር ሻይ የሚያፈላው ልጅ ነግሮኛል። እሱ ራሱ ሦስት ወር እዚያው ቀርቶ ነበር። ብዙዎች እንደገና በባሕር የሚሄዱት ድህነቱ ብቻ ገፍቷቸው አይደለም፤ አፋችንም ገፍቷቸው ነው።

ምን ይደረግ?

የምጠይቀው ሰማይ ላይ ያለ ነገር አይደለም። አንድ፣ መንግሥት ከማንኛውም አገር ጋር የሚፈራረመው የሠራተኛ ስምምነት ደመወዝ የተከለከለች ወይም የተደበደበች ልጅ ያለ ካፊሏ ፈቃድ አሠሪ የምትቀይርበትን አንቀጽ ይያዝ፤ ይህ ካልገባ አንዲት ልጅ አትላክ። ሁለት፣ ኤምባሲና ቆንስላ ሁሉ ወረቀት ያላት የሌላት ሳይል የሚቀበል መጠለያና አረብኛ የሚያውቅ ጠበቃ ይኑረው፤ ሠራተኛው ከዋና ከተማው ወጥቶ ልጆቹ ባሉበት ከተማ ይዙር። ሦስት፣ ተባራሪ ሁሉ አውሮፕላን ላይ ከመውጣቱ በፊት ያልተከፈለው ደመወዝ ይመዝገብ፤ ካልተከፈለም ከኤጀንሲው ዋስትና ላይ ይነሣ። አራት፣ ልጆች በተላኩበት ወረዳ ሁሉ ስማቸው፣ አሠሪያቸውና ያሉበት ከተማ የተመዘገበበት አንድ መዝገብ ይኑር፤ አንዲት እናት መጥታ «ልጄ የት ናት?» ስትል መዝገቡ ይገለጥላት።

የመንዝ ሰው ይህን ሥራ አያጣውም። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጓሳን ሣር በቀሮ ሥርዓት ጠብቋል። ሣሩ የሚታጨድበት ጊዜ ነበረው፣ ጠባቂ ነበረው፣ አጥፊውም ይቀጣ ነበር። ለሣር ሕግ ያወጣ ሕዝብ ነው። ለሣሩ ያልጠፋ ጠባቂ ለልጆቹ ለምን ይጠፋል?

ከመሐል ሜዳ ስመለስ እኒያን እናት መናኸሪያው አጠገብ አገኘኋቸው። ስልኩ እንደ ተቋጠረ ነው። «ደወለች?» አልኳቸው። «ደውላለች። ‹እማ፣ አልጠፋሁም፤ እዚሁ ነኝ› ነው ያለችኝ» አሉ።

ሰምታችኋል፣ ባለሥልጣኖቻችን? አልጠፋችም። የጠፋው ሊፈልጋት የሚገባው መንግሥት ነው።

ቸር ወሬ ያሰማን።